አንድ ቱቦ ሰንስክሪን ለሁለት ልጆች፦ ከጎንደር የአንድ ቤተሰብ የጉዳይ ጥናት

ለምን ይሄን እንደጻፍኩት

ጎንደር ውስጥ ፋርማሲ ነው የምሰራው። ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ክሬም) የሚጠይቁኝ በብዛት ማድያት ያስቸገራቸው ሴቶች ናቸው፣ ሰርጋቸው የደረሰ ሙሽሮችም አሉ፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ወደ ሰሜን ተራሮች የሚወጣ ጎብኚ ጎራ ይላል። የቆዳ ካንሰር ለመከላከል ብሎ የሚመጣ ከስንት አንዴ ነው፣ እውነት ለመናገር ጥቁር ቆዳ ላለነው ለአብዛኞቻችን ያን ያህል አንገብጋቢም አይደለም። የሞት የሽረት ጉዳይ የሚሆንባቸው ግን አሉ፣ አልቢኒዝም ያለባቸው፣ ማለትም ከተፈጥሮ የቆዳ ቀለም የሚጎድላቸው ሰዎች፣ ችግሩ እነሱ ብዙ ጊዜ ክሬሙን የመግዛት አቅም የላቸውም።

ከታች ያለው እንደዚህ ዓይነት የአንድ ቤተሰብ ጉዳይ ነው። ቤቱ ውስጥ አልቢኒዝም ያለባቸው ሁለት ልጆች አሉ፣ ትልቁ ካንሰር ከያዘው በኋላ ነው የተደረሰለት፣ ትንሿ ደግሞ ገና ምንም ሳይነካት ጥንቃቄ የተጀመረላት። እናትየዋም ልጁም ጻፈው ብለውኛል። ስም፣ ሰፈር፣ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል አልጠቅስም።

ቤተሰቡ

እናትየዋ እንጀራ እየጋገረች ለምግብ ቤቶች ታስረክባለች፣ አባትየው የማታ ጥበቃ ነው። አራት ልጆች አሏቸው፣ የመጀመሪያውና የመጨረሻዋ አልቢኒዝም አለባቸው፣ መሃል ያሉት ሁለቱ የላቸውም። ወላጆቹ ጠይም ናቸው፣ በሁለቱም ወገን እንዲህ ያለ ልጅ ተወልዶ አያውቅም ይላሉ፣ ስለዚ የመጀመሪያው ሲወለድ ሰፈሩ ያላለው የለም፣ እርግማን ነው ያለ አለ፣ አርግዛ ግርዶሽ አይታ ነው ያለ አለ፣ ከፈረንጅ ነው የወለደችው ብሎ ያማትም ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፣ አልቢኒዝም የሚመጣው ልጁ ከእናቱም ከአባቱም አንድ አንድ ጉድለት ያለበት ዘረመል ሲወርስ ነው፣ ወላጆቹ የያዙት አንድ አንድ ብቻ ስለሆነ እነሱ ላይ ምንም አይታይም። እንዲህ ያሉ ሁለት ሰዎች ሲጋቡ በእያንዳንዱ እርግዝና ከአራት አንድ እድል አለ፣ በእያንዳንዱ እርግዝና እንደ አዲስ፣ ለዛ ነው እነሱ ቤት ከአራት ልጅ ሁለት የሆነው። ይሄን ሲሰሙ አባትየው ዝም ብሎ ቆይቶ "እንግዲያ የእኔም እጅ አለበት በለኛ" አለ። ለእናትየዋ ከክሬሙ በላይ ይቺ ንግግር ሳትጠቅማት አልቀረችም።

ቆዳን የሚያጠቁረው ሜላኒን አልትራቫዮሌት የሚባለውን የማይታይ የፀሐይ ጨረር ይመክታል፣ እነዚህ ልጆች ይሄ ቀለም የላቸውም ወይ በጣም ትንሽ ነው ያላቸው። አይናቸውም ላይ ስለሚጎድል ብርሃን ይወጋቸዋል፣ አይናቸው ይርገበገባል፣ መነጽር አድርገውም እይታቸው ሙሉ አይሆንም። የአይኑን ነገር የማነሳው ከቆዳው ጋር ስለሚያያዝ ነው። ትልቁ ልጅ 8ኛ ክፍል ላይ ያቋረጠው ሰሌዳ አልታይ ብሎት ነው፣ ያቋረጠ ልጅ ደግሞ ያገኘው ሥራ ሱቅ በደረቴ ነው። ማስቲካ፣ ሶፍት፣ የሞባይል ካርድ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከፒያሳ መናኸሪያ፣ ከመናኸሪያ ቅዳሜ ገበያ፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ፣ ለዓመታት።

ሌላም አለ። ሁለቱም ሕፃን ሆነው እንደማንኛውም ልጅ ቅቤ ተቀብተው ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ሞቀዋል። ትልቁ እንደውም ጀርባው ውሃ ቋጥሮ ነበር፣ "ምች ነው" ተባለና አለፈ። ሪኬትስ የሚባለው የአጥንት መለስለስ እንዳይዘው ተብሎ ነው የሚደረገው፣ ለሌላው ልጅ ጥሩ ነገር ነው፣ ነጣ ያለ ቆዳ ግን ቫይታሚን ዲ ለመስራት በጣም አጭር ጊዜ ይበቃዋል፣ አልቢኒዝም ያለበትን ሕፃን ራቁቱን ፀሐይ ላይ ማቆየት ጉዳቱ ነው የሚያመዝነው።

ችግሩ

ልጁ 24 ዓመት ሲሆነው የግራ ጆሮው ጫፍ ላይ ሲነካ እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚሻክር ቦታ ወጣ። ቅርፊት ይሰራል፣ ቅርፊቱ ይወድቃል፣ ትንሽ ይደማል፣ እንደገና ቅርፊት ይሰራል። መጀመሪያ ፀጉር ቤት ምላጭ ነክቶት መሰለው። ከዛ ቤት ውስጥ ምች ነው ተብሎ ዳማከሴ ተሸ፣ ጠበልም ተወሰደ፣ ቲቲሲ የሚባለው የአንቲባዮቲክ ቅባት ደግሞ ከየፋርማሲው ተገዝቶ ተቀባ። እንዲህ እያለ አንድ ዓመት ሞልቶት ነው እኔ ጋ ሌላ ቲቲሲ ሊገዛ የመጣው። ቁስሉ የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ሆኗል፣ ዙሪያው ጠንክሮ ከፍ ብሏል፣ ኮፍያው ሲነካው ይደማል። ቅባቱን አልሸጥኩለትም፣ ቆዳ ክሊኒክ ሂድ አልኩት። ለመሄድ ሳምንታት ፈጀበት ምክንያቱም የሚሄድበት ቀን ገቢ የለም።

ሆስፒታል ናሙና ተወሰደ፣ ውጤቱ ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ ሆነ። አፍሪካ ውስጥ አልቢኒዝም ባለባቸው ሰዎች ላይ በብዛት የሚታየው የቆዳ ካንሰር ይሄ ነው፣ የሚወጣውም በአብዛኛው ፀሐይ ዘወትር የሚያገኘው ቦታ ላይ ነው፣ ፊት፣ ጆሮ፣ ከንፈር፣ አንገት። ቶሎ ከተቆረጠ የሚድን ነገር ነው፣ ሲቆይ ግን ወደ አንገት እጢ ይሄዳል። የሱ እጢ ላይ አልደረሰም ነበር። የጆሮው የላይኛው ክፍል ከነዙሪያው ተቆርጦ ወጣ። ግንባሩና የእጁ ጀርባ ላይ ደግሞ ገና ካንሰር ያልሆኑ ግን ቢተዉ ሊሆኑ የሚችሉ ሻካራ ቦታዎች ተገኙ፣ እነሱም ታከሙ። ሕክምናው በጤና መድህን አለፈ።

ሲወጣ የተሰጠው ወረቀት ላይ ኤስፒኤፍ 50 ሰንስክሪን፣ በየሁለት ሰዓቱ ይቀባ፣ እህቱም ትጠቀም ይላል። ኤስፒኤፍ ማለት ክሬሙ ጨረሩን ምን ያህል እንደሚመክት የሚናገረው ቁጥር ነው። ትክክለኛ ትእዛዝ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ነው ግን ይሄን ጉዳይ ለመጻፍ ያስገደደኝ።

የመጀመሪያው ዓመት፦ ያልሰራው

መድህኑ ክሬሙን አልሸፈነም፣ የመዋቢያ እቃ ነው ተባሉ። ዘመድ አዋጥቶ አንድ ባለ 50 ግራም ቱቦ ተገዛ። ይሄ ቱቦ ለሁለት ልጆች ከጥቅምት እስከ የካቲት ቆየ! እናትየዋ እንደ ዘይት ነው የቆጠበችው፣ ጠዋት ጠዋት የምስር ፍሬ ታክል ጠብ እያደረገች ፊት ላይ ትዘረጋዋለች። ልጅቷ ታኅሣሥ ላይ አፍንጫዋ ተላጠ፣ ጥር ላይ እንደገና።

"ዶክተር፣ መድኃኒቱ እኮ አልሰራም" አለችኝ።

"እናቴ፣ በቀን ምን ያህል ነው የሚቀቧት?"

በጥፍሯ ጫፍ አሳየችኝ።

ቱቦው ላይ የተጻፈው ኤስፒኤፍ የሚለካው በእያንዳንዱ ስኩዌር ሴንቲሜትር ቆዳ ላይ 2 ሚሊግራም ተቀብቶ ነው። በጣም አሳስቶ የተቀባ ኤስፒኤፍ 50 ኤስፒኤፍ 50 አይደለም፣ መከላከያው አብሮ ይወርዳል። 50 ግራም ለሁለት ልጅ ለአራት ወር ሲካፈል ለአንዱ ልጅ በቀን 0.2 ግራም ገደማ ነው፣ ከሚፈለገው ከአስራ አምስት አንድ ቢሆን ነው። ክሬሙ አልሰራም ከማለት አልተቀባም ማለት ይቀላል። የባሰው ደግሞ ወንድሟ ላይ የሆነው ነው፣ ተቀብቻለሁ ብሎ ስለተማመነ በፊት ጥላ ይፈልግበት በነበረው ሰዓት ሁሉ መሃል መንገድ ላይ መዋል ጀመረ።

ቱቦው ሲያልቅ አንድ ኮስሞቲክስ ሱቅ ውስጥ ረከስ ያለ "የፀሐይ ክሬም" ሸጡላት። ይዛው ስትመጣ ማሸጊያውን ገልብጬ አነበብኩት፣ ክሎቤታሶል የሚባል ኃይለኛ ስቴሮይድ ያለበት ማንጫ ክሬም ነው። አልቢኒዝም ላለባት ልጅ ማንጫ፣ ምን ይባላል እንግዲህ። ስቴሮይድ ሲደጋገም ቆዳ ያሳሳል፣ ፀሐይ የሚከላከልበት ነገር የለውም። ቆመ። ከዛ በፊት ቫዝሊንም ሞክረዋል፣ ቫዝሊን ድርቀት ይከላከላል እንጂ ጨረር አይመክትም፣ ቅቤም እንደዛው።

ሦስተኛው ነገር ክረምቱ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ልጅቷ ዳባት አያቷ ጋ ሄደች። ደመና ነው፣ ብርድ ነው፣ ማን ክሬም ያስባል። ከልጆቹ ጋር ጥጃ ስትጠብቅ ከርማ አንገቷና ክንዷ ቀልቶ ተመለሰች። ይሄ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። የሚያቃጥለው ጨረር ሙቀት አይደለም፣ ብርድም ሆነ ንፋስ አይቀንሰውም። በየ1,000 ሜትሩ ወደ ላይ ስንወጣ ጨረሩ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፣ ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፣ ዳባት ደግሞ ከሷም ከፍ ያለ ደጋ ነው። ስስ ደመና ከሆነ እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ጨረር ያልፋል። በዚያ ላይ ጎንደር አካባቢ ፀሐይ በቀጥታ አናት ላይ የምትቆመው በዓመት ሁለቴ ነው፣ ሚያዝያ 15 አካባቢና ነሐሴ 14 አካባቢ። ፀሐይ የለም የምንልበት ነሐሴ ማለት ነው።

አራተኛው ነጠላ ነው። እናትየዋ ልጅቷን ነጠላ አከናንባ ነበር የምትልካት፣ በጎ ሀሳብ ነው፣ ግን ነጠላውን ወደ መስኮት ከፍ አድርገን ስናየው ማዶ ያለው ሰው ሁሉ ይታያል። ብርሃን የሚያሳልፍ ጨርቅ ጨረሩንም ያሳልፋል፣ ነጭ ስስ ጥጥ ሲረጥብ ደግሞ ይብሳል።

ሂሳቡ

መጋቢት ላይ ከእናትየዋና ከልጁ ጋር ቁጭ ብለን አንድ ሂሳብ ሰራን፣ ነገሩን የቀየረው እሱ ይመስለኛል። አጭር እጅጌ ለብሳ ጉልበቷ ድረስ ቀሚስ ያደረገች የ9 ዓመት ልጅ ፀሐይ የሚያገኘው ቆዳዋ በግምት 3,000 ስኩዌር ሴንቲሜትር ነው፣ ያን በትክክል ለመሸፈን በአንድ ጊዜ 6 ግራም ያስፈልጋል፣ በቀን ሁለቴ 12 ግራም፣ 50 ግራሟ ቱቦ በአራት ቀን አለቀች። ይቺው ልጅ ወፈር ያለ ረጅም እጅጌ፣ ሱሪና ጠርዙ ሰፊ ኮፍያ ብታደርግ የሚቀረው ፊቷ፣ ጆሮዋ፣ የአንገቷ ፊትና የእጆቿ ጀርባ ነው፣ 800 ገደማ። በአንድ ጊዜ 1.6 ግራም። ያቺው ቱቦ 15 ቀን ትሄዳለች። ትምህርት የሌለበትንና ቤት የሚዋልበትን ቀን ሲያወጡት ሦስት ሳምንት።

እናትየዋ የእንጀራ ሂሳብ የምትይዝ ሰው ስለሆነች ወዲያው ገባት፣ "ልብሱ ነው እንግዲህ ገንዘቡን የሚያድነው" አለች። ስለዚ ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ፣ መጀመሪያ ሰዓት፣ ቀጥሎ ጥላና ልብስ፣ ክሬም መጨረሻ ላይ፣ ግን ክሬም የሚቀባበት ቦታ ላይ ሳይሰሰት።

የተወሰዱት እርምጃዎች

ሰዓት። የኢትዮጵያ ሰዓት የሚቆጠረው ከጎንደር በስተምስራቅ ባለ መስመር ስለሆነ እዚህ ፀሐይ መሃል ላይ የምትደርሰው 6 ሰዓት ላይ ሳይሆን 6፡30 አካባቢ ነው። ከዛ ሁለት ሰዓት ወደፊት ሁለት ሰዓት ወደኋላ፣ ከ4፡30 እስከ 8፡30፣ የቀኑ ጨረር ከግማሽ በላይ የሚወርድበት ነው። ለልጅቷ ግን ሰዓት ከመቁጠር የጥላ ነገር ቀለላት፣ ጥላሽ ከአንቺ ካጠረ ግቢ። በመጋቢት ይሄ ከ3፡30 ገደማ እስከ 9፡30 ገደማ ነው፣ የትምህርት ቤቱ እረፍት ራሱ ውስጥ ይወድቃል። እሷ ደግሞ ወደደችው፣ እየዘለለች ጥላዋን ትለካለች።

ትልቁ ራስ ምታት ፈረቃው ነበር። የጠዋት ፈረቃ ብትሆን መውጫው፣ የከሰዓት ብትሆን መግቢያው፣ በሁለቱም መንገዱ ላይ የምትገኘው 6 ሰዓት አካባቢ ነው፣ በጣም በከፋው ሰዓት ዳገት ላይ። መፍትሄ የሆነው እናትየዋ እንጀራ የምታስረክብበትን የባጃጅ ዙር ወደዛ ሰዓት መግፋቷ ነው፣ ስትመለስ ልጅቷን ታነሳታለች፣ ባጃጅ ጎኑ ክፍት ስለሆነ መሃል ትቀመጣለች። ባጃጁ የሌለ ቀን በእግር ነው፣ ያኔ ከመውጣቷ በፊት ክፍል ውስጥ እንደገና ትቀባለች።

ትምህርት ቤት። ኮፍያ ክልክል የሚል ደንብ ነበረ። እናትየዋ ስትለምን አልተሳካም፣ ከሆስፒታል ወረቀት ሲመጣ ግን ተፈቀደ፣ ስለዚ ተመሳሳይ ችግር ያለበት ወላጅ መጀመሪያ ወረቀቱን ይያዝ። በሰልፍ ሰዓት ግድግዳው ጥላ ውስጥ እንድትቆም፣ ስፖርት ሜዳ ላይ ሲሆን እንድትቀር ተስማሙ። ፊት ወንበር ላይ ግን ከመስኮቱ ርቃ ተቀመጠች፣ በአንድ በኩል ብርሃኑ አይኗን ስለሚወጋት፣ በሌላ በኩል ደግሞ ዩቪኤ የሚባለው የጨረር ዓይነት በመስታወት ስለሚያልፍ። አስተማሪዋ ሰሌዳ ላይ ጎላ አድርጋ መጻፍ ጀምራለች። ይሄ የቆዳ ጉዳይ አይመስልም፣ ለኔ ግን ዋናው ነው፣ ይቺ ልጅ ትምህርቷን ካላቋረጠች ሱቅ በደረቴ አትሸከምም።

ልብስና ኮፍያ። ኬፕ ጆሮና ማጅራት አይሸፍንም፣ የወንድሟ ጆሮ ለዓመታት ኬፕ ስር እያለ ነው የተጎዳው። ገበያ ያለ ልብስ ሰፊ ከተረፈ የጂንስ ጨርቅ ዙሪያውን አራት ጣት የሚሆን ጠርዝ ያለው ኮፍያ ሰፋላት። የመጀመሪያው ከካኪ ነበር፣ ልጆቹ "ገበሬ" እያሉ ስላሾፉባት ቦርሳ ውስጥ ትደብቀዋለች፣ ጂንሱን ጨርቁን ራሷ ስለመረጠች ታደርገዋለች። እረፍት ላይ ስትሮጥ ታወልቀዋለች፣ እሱ አልተፈታም። ወንድሟ ደግሞ ጃንጥላ ተገዝቶለት ነበር፣ ወንድ ልጅ በጃንጥላ ፒያሳ አልዞርም አለ። ጃንጥላ ቢይዝም ጨረሩ ከሰማዩ ዙሪያና ከመሬቱ ተበትኖ ስለሚመጣ ብቻውን አይበቃም ነበር።

የወንድሙ ሥራ። ከባዱ ይሄ ነው። ፀሐይ ላይ አትዋል ማለት ቀላል ነው፣ እንጀራውስ? ፒያሳ ላይ በረንዳ ያለው ሱቅ ባለቤት የሆኑ ሰውዬ በረንዳቸው ላይ ትንሽ ጠረጴዛ እንዲያስቀምጥ ፈቀዱለት፣ ጠዋት ጥላ ነው፣ ከሰዓት ፀሐዩ ሲዞር ይነሳል፣ ከ9 ሰዓት በኋላ ይመለሳል። ገቢው ቀንሷል፣ በተለይ የመናኸሪያው ደንበኛ ቀርቷል፣ ቅዳሜ ቅዳሜና የበዓል ሰሞን አሁንም እኩለ ቀን ላይ ሲዞር ያጋጥመኛል። ልቆጣው አልችልም።

ክሬም። ኤስፒኤፍ 30 ወደ 97 በመቶ፣ 50 ደግሞ ወደ 98 በመቶ የሚሆነውን ዩቪቢ የሚባለውን ቆዳ የሚያቃጥል ጨረር ይከላከላል፣ ስለዚ 100 የሚል ነገር ፍለጋ ገንዘብ ማፍሰስ አያስፈልግም፣ 30ና ከዛ በላይ ሆኖ ዩቪኤንም የሚከላከል መሆኑ ላይ ነው ያተኮርነው። ፊትና አንገት ላይ የሁለት ጣት ሙሉ፣ ከጥፍር ጫፍ እስከ ጣት ስር፣ ጆሮ ከነጀርባው፣ የእጅ ጀርባ፣ የታችኛው ከንፈር አይረሳም። ከቤት ከመውጣት ሩብ ሰዓት ቀደም ብሎ፣ ከዛ እረፍት ላይ። ቱቦው ምጣድ ያለበት ቤት ውስጥ ነበር የሚቀመጠው፣ ሙቀት ስለሚያበላሸው ወደ ጓዳ ተዛወረ።

ጥምቀት። ልጅቷ ሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን ውስጥ ናት፣ ጎንደር ተወልዳ ጥምቀት አትሂጂ የሚላት የለም፣ ልንላትም አልፈለግንም። ከተራ ዕለት ታቦት የሚወጣው ከሰዓት ስለሆነ ፀሐዩ እየበረደ ነው የሚሄደው፣ ችግር የለውም። ጥር 11 ላይ ጥምቀተ ባህሩ ጋ በሌሊት ስለሚደረስ ጠዋቱ ጥሩ ነው፣ ከባዱ ታቦታቱ የሚመለሱበት ሰዓት ነው፣ ያኔ ሰልፉን ትታ ዛፎቹ ስር ከእናቷ ጋር ቆየች፣ አኩርፋ ነበር። አንድ ያልታሰበ ነገር ተገኘ፣ ጠበሉ ሲረጭ ፊቷ ላይ ያለው ክሬም ታጥቦ ሄደ። ከረጩ በኋላ ፊት ጠርጎ እንደገና መቀባት፣ ቱቦውን ይዞ መሄድ ያስፈልጋል።

ውጤቱ

ሁለተኛው ዓመት ላይ ልጅቷ የተላጠችው አንዴ ብቻ ነው፣ ኮፍያዋን ጥላ የሄደች ቀን። ወንድሟ ክትትል ላይ አንድ አዲስ ቦታ ተገኝቶበታል፣ የታችኛው ከንፈሩ ላይ፣ ገና ትንሽ ሳለ ስለታየ በቀላሉ ታከመ። ይሄን "ጥንቃቄው አልሰራም" ብሎ ማንበብ ስህተት ነው፣ ቆዳው ላይ ያለው ጉዳት የብዙ ዓመት ፀሐይ ነው፣ አሁን የሚደረገው ተጨማሪውን መቀነስና የሚወጣውን ቶሎ መያዝ ነው። እህቱ ላይ ግን ከባዶ ነው የተጀመረው፣ ስለዚ ትልቁ ጥቅም የሚገኘው እሷ ጋ ነው።

ቶሎ ለመያዝ የረዳው እሁድ እሁድ የሚደረገው ፍተሻ ነው። ገላ ታጥበው ሲያበቁ እናትየዋ በመስኮቱ ብርሃን ሁለቱንም ታያቸዋለች፣ ጆሮና ከጆሮ ጀርባ፣ ከንፈር፣ ማጅራት፣ የፀጉር ክፍያ፣ የእጅ ጀርባ። በጣቷ ትዳስሳለች ምክንያቱም ሻካራነት ከመታየቱ በፊት ይዳሰሳል። አጠራጣሪ ነገር ካየች አጠገቡ ሳንቲም አድርጋ በስልክ ፎቶ ታነሳለች፣ ከአራት ሳምንት በኋላ ካልጠፋ ወይ ከሳንቲሙ አንጻር ካደገ ክሊኒክ። የከንፈሩን ያገኘችው እሷ ናት።

ሌላ ቤትም የሚሰራ

አልቢኒዝም ያለበት ልጅ ያላችሁ ሂሳቡን ራሳችሁ ስሩት፣ ምን ያህል ቆዳ ክፍት ነው የሚለውን ሳትቀንሱ ክሬም አትቆጥቡ። ጆሮ ላይ፣ ከንፈር ላይ፣ አፍንጫ ላይ ወር አልፎት ያልዳነ ቁስል ካለ ቲቲሲውንም ዳማከሴውንም አቁማችሁ ቆዳ ሐኪም ጋ፣ ጠበሉን የሚከለክላችሁ የለም፣ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ። ፋርማሲ የምትሰሩ ባልደረቦቼ ደግሞ አልቢኒዝም ያለበት ሰው የቁስል ቅባት ሲጠይቃችሁ ሳታዩት አትሽጡለት።

እኛስ ለሚል ጥቁር ቆዳ ያለው አንባቢ፣ ሰንስክሪን ለማድያት ይጠቅማችኋል፣ ለካንሰር ግን እግራችሁን ማየት ይሻላል። ጥቁር ቆዳ ላይ ሜላኖማ የሚባለው ሌላው የቆዳ ካንሰር ሲመጣ ብዙ ጊዜ ውስጥ እግር ላይ፣ መዳፍ ላይ ወይ ጥፍር ስር ነው፣ ከፀሐይም ጋር አይያያዝም። ቦብ ማርሌይ እ.ኤ.አ. 1981 የሞተው ከእግር ጣቱ በተነሳ ሜላኖማ ነው። ውስጥ እግር ላይ እያደገ የሚሄድ ጥቁር ነጥብ ወይ ጥፍር ላይ እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር መስመር ካለ ዝም አይባልም።

ያልተፈታው አቅርቦቱ ነው። አንድ ጊዜ ከእርዳታ የመጣ ክሬም ደርሷቸው ነበር፣ ግማሹ ጊዜው ያለፈበት። ታንዛኒያ ሞሺ ውስጥ ኪሊሰን የሚባል ሰንስክሪን አልቢኒዝም ላለባቸው ሰዎች ተብሎ እዛው ይመረታል፣ የመድኃኒት ፋብሪካ ያለው አገር ይሄን መስራት አያቅተውም ባይ ነኝ። እስከዛ ድረስ እነዚህን ልጆች እያኖራቸው ያለው ውጭ ያለ ዘመድ ነው፣ ስለዚ ለምትልኩ ሰዎች፦ አንድ ውድ ብራንድ ከምትገዙ በዛው ብር ሦስት አራት ተራ ቱቦ ግዙ፣ ኤስፒኤፍ 30 ወይ 50፣ ዩቪኤ የሚል ምልክት ያለው፣ ሽታ የሌለው። ስፕሬይ አትላኩ፣ ግማሹ ንፋስ ላይ ነው የሚቀረው። ጊዜው የሚያልፍበትን ቀን እዩ፣ እዚህ እስኪደርስ ወራት ሊፈጅ ይችላል። ሻንጣው ውስጥ ቦታ ከተረፈ ጠርዙ ሰፊ የልጆች ኮፍያ ጨምሩበት፣ ቁጥሩን ግን መጀመሪያ ጠይቁ፣ ለዚቺ ልጅ የመጣላት ኮፍያ አይኗን ሸፍኖ ወንድሟ ጋ ነው ያለው።